ጃምቢ በአማርኛ ምን ይባላል? የትሪኒዳድ መናፍስት በልጆች ልቦለድ

የመንታ እናት (ቶሮንቶ)

ጤና ይስጥልኝ። ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

ባለቤቴ የትሪኒዳድ ሰው ነው። 10 ዓመት የሆናቸው መንታ ልጆች አሉን። አማርኛ የሚያነቡት እንደ ኮሶ ነው፤ እኔ ቆሜባቸው፣ ፊታቸውን አጨማደው። ባለፈው ዓመት አማቴ ከቶኮ መጥተው አብረውን ከረሙ። ቶኮ በትሪኒዳድ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ያለች የባሕር ዳር መንደር ናት። ማታ ማታ መብራት ያጠፉና «ክሪክ!» ይላሉ። ልጆቹ «ክራክ!» ብለው ይመልሳሉ። ልክ እንደኛው «ተረት ተረት»፣ «የላም በረት»።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጸጥ ነው። ቀን ቀን ከመንደሩ ዳር ብቻዋን የምትኖር አሮጊት፣ ሌሊት ቆዳዋን አውልቃ ሙቀጫ ውስጥ ትደብቅና እሳት ሆና ትበራለች፤ ደም ልትመጥ። ይህቺ ሱኩያ ናት። እግሩ ወደ ኋላ የዞረ፣ ፊት የሌለው፣ ትልቅ የሣር ባርኔጣ ያጠለቀ ሕፃን አለ፤ ድዌን ይሉታል። ከወገቧ በታች እባብ የሆነች የወንዝ እናት አለች፤ ማማ ድሎ። ጫካውንና አውሬውን የሚጠብቅ ሽማግሌም አለ፤ ፓፓ ብዋ። እሱን ያገኘ ሰው በትሕትና ሰላምታ መስጠት አለበት፤ እግሩን አፍጥጦ ማየት አይፈቀድም፣ ሰኮና ስላለው። ሁሉም በጅምላ ጃምቢ ይባላሉ።

እኔም «ይህንን በአማርኛ ብጽፍላቸው ሳላስገድዳቸው ያነቡታል» ብዬ ተነሳሁ። ታሪኩ ቶኮ ውስጥ ነው። እንደነሱ ያሉ መንትዮች ለእረፍት አያታቸው ዘንድ ይሄዳሉ። ሦስት ምዕራፍ ጽፌ ቆምኩ። የያዙኝ ነገሮች፦ ጃምቢን ምን ልበለው? ፍርሃቱ ከ9 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ምን ያህል ይሁን? ደግሞስ እኔ ምራት ነኝ፤ የሰው አገር ተረት የመለወጥ መብት አለኝ?

እማዬ በስልክ ሰምታ «የሰይጣን ተረት ለልጅ! ጸበል ውሰጃቸው» ብላኛለች። ይህም ይታወቅልኝ።

ብራና

በመጀመሪያው ልግባበት፤ መተርጎም እንጀራዬ ነው።

«ጋኔን» አትበይ። ጋኔን ካልሽ አንባቢሽ ወዲያው መስቀልና ጸበል ያስባል። ቄስ ይጠራ፣ ታሪኩ አለቀ። «ጭራቅ» ደግሞ መብላት ብቻ ነው ሥራው፤ ከጭራቅ ጋር ጨዋታ የለም። «ዛር» የራሱ ቡና፣ የራሱ ዕጣን፣ የራሱ ፈረስ ያለው ነው፤ የሌላ አገር መንፈስ ጎጆው ውስጥ ብታስገቢበት ሁለቱም ይቀየሙሻል። «መንፈስ» ጨዋ ቃል ነው፣ ማንንም አያስደነግጥም።

ጃምቢ በይው። ቃሉ ከኮንጎ አካባቢ ቋንቋዎች እንደመጣ ይነገራል፤ የዞምቢ ዘመድ ነው። ለመሆኑ ዞምቢን ለልጆቻችን ማን ተረጎመላቸው? ዝም ብለው ወሰዱት።

ግን ትርጉም አትስጪ። በሥራ አሳዪ። ትሪኒዳድ ውስጥ እንጉዳይ «የጃምቢ ጃንጥላ» ይባላል። ሌሊት የምትጮኸው ትንሽ ጉጉት «የጃምቢ ወፍ» ናት፤ ስትጮኽ ሰው ይሞታል ይላሉ። ቀይና ጥቁሯ ፍሬ ክፉ ነገር እንድትመልስ ክር ላይ ትሰካለች። እሷን እኔ «የጃምቢ ጨሌ» እላት ነበር። ሦስቱን በመጀመሪያው ምዕራፍ በትኛቸው። አራተኛው ላይ ማንም ልጅ «ጃምቢ ምንድን ነው?» አይልሽም።

የመንታ እናት

ጨሌ! ይህቺን ቃል ሳስብ አድሬ አላገኘኋትም ነበር። እግዜር ይስጥህ።

አያ ጅቦ

የኛ ተረት አልቆ ነው የካሪቢያን ጣጣ የምታስመጡት? ጦጢት አለች፣ አያ ጅቦ አለ። ለኛው ልጅ የኛን ጻፉለት አቦ።

የመንታ እናት

ወንድሜ፣ ልጆቼ የኛ ብቻ አይደሉማ።

ፍላትቡሽ

እኔ ብሩክሊን ነው የምኖረው። ከላይ ጉያናዎች፣ ከታች ግሬናዳዎች፣ መሐል ላይ እኔ። ስለ አሮጊቷ ጥቂት ልጨምር።

ጉያና ውስጥ ኦል ሃይግ ትባላለች። ሱሪናም ውስጥ አሴማ። ሄይቲ ውስጥ ሉጋሩ የሚሉት ዘመዷ ነው። ደንቧ ግን ብዙም አይለይም። በር ላይ ሩዝ ከበተንሽ አንድ በአንድ ቆጥራ ሳትጨርስ ማለፍ አትችልም። ሲነጋ ትያዛለች። ወይ ቆዳዋን ፈልገሽ ጨውና በርበሬ ትነሰንሺበታለሽ። ልትለብሰው ስትል ያቃጥላታል። ያን ጊዜ «ቆዳዬ፣ ቆዳዬ፣ አላወቅሽኝም?» ትላለች። ጎረቤቴ ይህንን ሲያወሩ ድምፃቸውን ያሳንሳሉ። እኔን የሚያስፈራኝ ደሙ አይደለም፣ ይህቺ ልመና ናት።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገርሽ። በ2007 (እ.ኤ.አ.) ጉያና ውስጥ አንዲት ሴት «ኦል ሃይግ ነሽ» ተብላ በመንደር ሰዎች ተደብድባ ተገድላለች። ድሮ አይደለም፤ ሞባይል በሁሉም ኪስ በገባበት ዘመን ነው። ስለዚህ «ከመንደር ዳር ብቻዋን የምትኖር አሮጊት» ስትዪ የምትጽፊው ጭራቅ ብቻ አይደለም። የሰው ጎረቤትም ናት።

አያ ጅቦም እዚህ ላይ ቢገባ ደስ ይለኛል። እኛስ ቡዳ ስንል ማንን ነበር የምንጠቁመው? ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ብለን አይደለም እንዴ ከማዕድ የለየናቸው?

አያ ጅቦ

እሱስ እውነት ነው። አያቴ ጀበና የምትገዛው ከነሱ ነው፣ ጥላቸው ግን ልጅ ላይ እንዲያርፍ አትፈልግም ነበር።

ሰባተኛ ለ

መምህር ነኝ፣ አዲስ አበባ። ርእሱን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ዛሬ ሰባተኛ ክፍሎች ጋ የተረፈ 15 ደቂቃ ነበረኝና የሱኩያን ነገር በቃሌ ነገርኳቸው። (ይቅርታ፣ ሳላስፈቅድሽ።)

ፍርሃቱን የሚወስነው የደሙ ብዛት አይደለም። ቆዳ አወለቀች ስል ሳቁ። እሳት ሆና በረረች ስል «አሪፍ!» አሉ። የቁልፍ ቀዳዳውን ስነግራቸው ነው ዝም ያሉት። በቁልፍ ቀዳዳ ትገባለች። እያንዳንዱ የቤቱን በር አሰበ መሰለኝ። ስለዚህ እሷን ማሳየት ትተሽ መግቢያዋን አሳዪ።

ቀጥሎ የሩዙን ደንብ ነገርኳቸው። ወዲያው እጅ ወጣ። «ቲቸር፣ ለምን በመጥረጊያ አትሰበስበውም?» «ቲቸር፣ መቁጠር የማትችል ብትሆንስ?» ልጅ ደንብ ከሰጠሽው ቀዳዳውን ይፈልጋል። ያንን ጥያቄ ራስሽ ቀድመሽ ካልመለስሽ መጽሐፉን ይዘጋዋል። ደግሞ ከኋላ አንዷ፣ ሁሌ የምትተኛዋ፣ እንዲህ አለች፦

«ጤፍ ብንበትንባትስ?»

ክፍሉ ተናጋ።

ፍላትቡሽ

ሞቻለሁ 😂 ጤፍ!

ካልኩሌተር

ሥራ ፈት ነኝና አሰላሁት። አንድ ኪሎ ሩዝ በግምት 50 ሺህ ፍሬ ነው። በሰከንድ አንድ ብትቆጥር ወደ 14 ሰዓት ይወስድባታል። ከምሽት እስከ ንጋት ይዟት ይቆያል፤ የተረቱ ባለቤቶች ሞኝ አይደሉም። አንድ ኪሎ ጤፍ ግን በግምት 3 ሚሊዮን ፍሬ ነው። ሳትበላ፣ ሳትተኛ፣ ሳትሳሳት ከቆጠረች 35 ቀን ገደማ። የዐቢይ ጾም ከግማሽ በላይ ነው።

የመንታ እናት

እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። መንትዮቹ እኮ ከቶሮንቶ ሲሄዱ እናታቸው ትንሽ ጤፍ ሻንጣቸው ውስጥ ልትከት ትችላለች! የምር ልጠቀምበት ነው። የዚያችን ተማሪ ጭንቅላት ሳሙልኝ።

ብራና

ቀስ በዪ። ጤፉ አሪፍ ቀልድ ነው፣ ግን በቀላሉ ካሸነፉ ታሪክሽ እዚያው ላይ ይሞታል። ዋጋ ያስፈልገዋል። ያ ጤፍ ለምን ነበር የመጣው? ሲደፋ ማን ይጎዳል?

ሌላው፣ የቶኮን ችግር የሐበሻ ጤፍ ብቻ ከፈታው፣ የባልሽ አገር ሰዎች በገዛ ተረታቸው ውስጥ ተመልካች ሆኑ ማለት ነው። እኔ ብሆን ሩዙንም ጨውንም አያትየዋ ታውቃቸው ነበር። ጤፉ የሚመጣው ሩዙ ሲያልቅ ነው።

ጽጌ80

ስለ ድዌን ነው የምጽፈው።

ድዌኖች ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት ናቸው እንደሚባል አንብቤያለሁ። የመጀመሪያ ልጄ ያረፈው በ23ኛ ቀኑ ነው። 40 ቀኑ አልሞላም ነበር። ክርስትና አልተነሳም። ታናሽ እህቱ አሁን 11 ዓመቷ ነው፤ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። ያንቺንም ታነባለች።

አትጻፊው አልልሽም። ግን ፊት የሌለው፣ እግሩ የዞረ፣ ልጅ የሚያጠፋ ክፉ ነገር የሆነው ስላልተጠመቀ ነው ብለሽ አትጻፊላት። ይህንን ብቻ ነው።

የመንታ እናት

እህቴ፣ ከሁሉም መልስ ያንቺን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ምዕራፌ ላይ ልክ ያልሽውን ዓረፍተ ነገር ጽፌዋለሁ። አጥፍቼዋለሁ።

ብራና

ጽጌ፣ ነፍሱን ይማር።

አንድ ሐሳብ ላንሳ፣ ካስከፋሁ አርሙኝ። አማትሽ እንደነገሩሽ መሰለኝ፣ እዚያ ወላጆች ሲመሻሽ የልጃቸውን ስም ከደጅ ሆነው ጮክ ብለው አይጠሩም። ድዌኑ ከሰማው በእናትየው ድምፅ እየጠራ ጫካ ያስገባዋል። መንትዮችሽ ግን ሁለት ስም አላቸው አይደል? የቤት ስምና የክርስትና ስም። የክርስትና ስም ደግሞ እኛ ዘንድ በአደባባይ አይጮኽም፤ መተት ይሠራበታል ብለው የሚደብቁም ነበሩ። ሁለቱ አገሮች ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ፈርተዋል። ድዌኑ የቤቱን ስም ሰርቆ ይጠራል፤ ልጅቷን የሚመልሳት ወንድሟ ብቻ የሚያውቀው ሁለተኛ ስሟ ነው። ድዌኑ ደግሞ ስም የሚሰርቀው የራሱ ስም ስለሌለው ነው። ስም ከጥምቀት ጋር ስለሚመጣ።

ጽጌ80

የመጨረሻው ላይ ተሳስተሃል ወንድሜ። እኛ ስም አውጥተንለት ነበር። በተወለደ በሦስተኛው ቀን አባቱ ነው ያወጣለት። ስም አለው። የሚጠራው ሰው ነው የሌለ።

ብራና

ይቅር በይኝ። ከኔ ሐሳብ ያንቺ በብዙ ይበልጣል።

ቀለም ቀቢ

ሥዕል ሥራዬ ነው። ፊት የሌለውን ልጅ አትሳሉ። ባርኔጣውን ብቻ ከቡናና ከካካዋ ዛፎች መሐል ሳሉ፤ ቶኮ አካባቢ ድሮ የካካዋ እርሻ ብዙ ነበር። ደግሞ ዱካውን ሳሉ። እግሩ ወደ ኋላ ስለዞረ ዱካው ወደ ባሕሩ ይሄዳል፣ ልጁ ግን ወደ ጫካው ነው የገባው። ዱካውን የተከተለ ሁሉ ከልጁ እየራቀ ይሄዳል። ለአሳዳጅ ትዕይንት ከዚህ የተሻለ ደንብ አላውቅም።

ሽፋኑ ላይ ሞኮ ጃምቢ ይሁን። ረጃጅም የእንጨት እግር ላይ ቆሞ የሚሄደው፣ ከአፍሪካ ውቅያኖሱን በእግሩ ተሻግሮ መጣ የሚባለው። ረጅም ስለሆነ ክፉ ነገር ሲመጣ ቀድሞ ያያል። ዛሬ በካርኒቫል ልጆች ሳይቀሩ ይጫወቱታል። ደቡብ ኦሞ የበና ልጆች በእንጨት እግር ሲሄዱ ያየ ሰው ይወደዋል። ይዛመዳሉ እያልኩ አይደለም።

ደብተራ ዶት ኮም

ሁላችሁም ዋናውን ነገር ዘላችሁታል። እነዚህ መናፍስት ከባርነት ነው የወጡት። ሌሊት ደም የምትመጥ፣ ቆዳ የምትለዋውጥ ማን ናት? ባለ እርሻው ናት። መጽሐፉ ይህንን ካልተናገረ ከንቱ ነው።

ፍላትቡሽ

ኧረ ባክህ ቀስ። መናፍስቱ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ፣ ከፈረንሳይ ገበሬ ተረት፣ ከሌላም ነው የተቀላቀሉት። ያልኩት የሉጋሩ ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው የተኩላ ሰው ቃል ነው። ባርነቱ አለበት፣ ማንም አይክድም። ግን የ10 ዓመት ልጅ ጋ ሄደህ «ይህቺ አሮጊት ምሳሌ ናት» ካልከው፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አትበርም።

ደብተራ ዶት ኮም

ታዲያ የት ይግባ?

ፍላትቡሽ

መሬቱ ውስጥ። ልጆቹ የሚሮጡበት ጫካ ውስጥ የፈረሰ የስኳር ወፍጮ ይኑር። ማንም አያብራራው። አያትየዋ እዚያ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ይቀንሱ። በቃ።

ሰባተኛ ለ

የመብቱ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ትሪኒዳድ የተወለደችው ትሬሲ ባፕቲስት በ2015 (እ.ኤ.አ.) «ጃምቢዎቹ» የሚል የልጆች ልቦለድ አውጥታለች። ጃምቢዎቹ ሰው ሳይመጣ በፊት ደሴቲቱ ላይ ይኖሩ ነበር ብላ ነው የነደፈችው። ስለዚህ መጤው ሰው ነው፣ ቂሙም እውነተኛ ቂም ነው። የሱኩያን ሥራ አልነካችም፤ የነካችው ምክንያቱን ነው። እኔም የምልሽ ይህንኑ ነው። ደንቡ የመንደሩ ነው፣ እንዳለ ተዪው። ለምን እንዲህ ሆነ የሚለው ግን ተረቱ ባዶ የተወው ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ መቀመጥ ትችያለሽ።

በተረፈ፣ የምትፈሪያቸውን ሰው ለምን አትጠይቂም? አማትሽን ማለቴ ነው።

የመንታ እናት

ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ እንደተለመደው ጃንሆይ በ1966 (እ.ኤ.አ.) ትሪኒዳድ ሲገቡ በልጅነታቸው ማየታቸውን ነገሩኝ። የኢትዮጵያ ነገር በተነሳ ቁጥር ከዚያ ነው የሚጀምሩት። ከዚያ «እኔ የነገርኩሽ እናቴ የነገረችኝን አይደለም፤ እሷ ሩዝ አልነበረም የምትለው፣ አሸዋ ነበር» አሉኝ። «አሸዋ ማን ይፈራል ብዬ እኔ ሩዝ አደረግኩት።» ሳቁብኝ። ከዚያ በኋላ ፈቃድ የምጠይቅበት አፍ አጣሁ።

ድዌኑን ግን ሌላ አደረግኩት። እንዲህ ጽፌያለሁ፤ አስተያየት ስጡኝ።

«ሲመሻሽ እንደገና ጠራት። ድምፁ የእማዬ ነበር። ስሟንም በትክክል ነው የጠራው፤ የመጨረሻዋን ፊደል እማዬ እንደምታደርገው ጎተት አድርጎ። ማርታ አንድ እግሯን ከደጁ አወጣች። ከዚያ ቆመች። እማዬ ቶሮንቶ ናት። ‹የማንን ስም ነው የምትጠራው?› አለችው። ካካዋው መሐል ያለው ባርኔጣ ዝም አለ። ‹የራስህንስ ማን ይጠራልሃል?› ባርኔጣው ቀስ ብሎ ወደ መሬት አዘነበለ። ቀጥሎ የሰማችው ድምፅ የእማዬ አልነበረም። በጣም የሕፃን ነበር። አንድ ስም ተናገረ። ማርታ ስሙን ደገመችው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሹክሹክታ። ከዚያ ሮጣ ገባች፣ ጀርባዋን ወደ ቤቱ አድርጋ፣ አያቷ እንዳስተማሯት፣ ምንም ነገር ተከትሏት እንዳይገባ።»

ብራና

በጀርባ መግባቷን አትንኪው። «ሹክሹክታ»ዋን ግን አውጫት፤ «አንድ ጊዜ ብቻ» ይበቃል።

ጽጌ80

ስሙን አልጻፍሽውም።

የመንታ እናት

አዎ። ባዶ ነው የተውኩት።

ጽጌ80

ደህና አደረግሽ።

ካልኩሌተር

የጤፉስ ነገር?

የመንታ እናት

ብራና እንዳለው ሩዙ አልቆ ነው የሚመጣው። ጤፉን የላከችው የእናታቸው እናት ናት፣ ከአዲስ አበባ በሰው በሰው ተልኮ፣ ለልደታቸው እንጀራ እንዲሆን። ልጁ እህል መሬት ላይ መድፋት ነውር እንደሆነ ያውቃል፤ ተቆጥቶበት ያደገ ነው። እጁ ከረጢቱ ላይ ይቆማል፣ ቁልፍ ቀዳዳው ላይ ደግሞ ብርሃኑ ቀይ ሆኗል። ይደፋዋል። ጤፉ በእንጨቱ ወለል ስንጥቅ ይገባል። ሱኩያዋ 6 ሺህ ላይ ደርሳ ትሳሳትና ከአንድ ትጀምራለች። ልጆቹ አልጋው ላይ ሆነው ሲያዳምጧት ያድራሉ። ድምፅዋ እየደከመ ይሄዳል። ሌሊቱ ሲጋመስ መንደር ዳር ብቻዋን የምትኖረዋን፣ ኮኮናት የምትሸጥላቸውን ሴትዮ ድምፅ ይለያሉ። ጨው ያለው እቃ ልጁ እጅ ላይ ነው፤ ቆዳዋ የት እንዳለም ያውቃል።

እዚያ ላይ ቆሜያለሁ። ይነስንስ አይነስንስ ገና አልወሰንኩም። የብሩክሊኑ ወንድሜ የነገረኝ ነገር እጄን ይይዘኛል።

በነገራችን ላይ ትናንት እማዬ ደወለች። መንትዮቹ ምዕራፉን በስልክ አንብበውላት ኖሯል፤ በአማርኛ፣ ማንም ሳያዛቸው። ስለ ጸበል አላነሳችም። መጀመሪያ «ያን ሁሉ ጤፍ!» ብላ ተቆጣች። ትንሽ ዝም አለችና «ቆይ፣ ያቺ ሴትዮ ግን ቆጥራ ጨረሰች?» አለችኝ።